«ኦል ቲኬት» ጨዋታ ምንድን ነው?

ትኬቱ በሙሉ አስቀድሞ የሚሸጥለት የእግር ኳስ ጨዋታ ማለት ነው። በዕለቱ በር ላይ ከፍሎ መግባት የለም። ትኬት ካልያዝክ እግርህን ባታደክም ይሻላል። ዛሬ ይሄ ምኑ ይገርማል? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ ውስጥ ግን ብርቅ ነበር።

ያኔ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራል። ሠራተኛው ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ሜዳ ይሄዳል። አንድ አንድ ሰው በምታሳልፈው የብረት ተሽከርካሪ በር ሳንቲሙን ከፍሎ ይገባል፤ አብዛኛው ቆሞ ነው የሚያየው። ክለቡ ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚያውቀው ሰዉ ሲመጣ ነው።

ሰዉ ደግሞ ጎረፈ። ወታደሩ ተመልሷል፣ ሱቁ ውስጥ ብዙው ነገር በራሽን ነው፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው። በፈረንጆቹ 1948/49 የሊጉን ጨዋታዎች ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገብቶ አየ። ኒውካስል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆኖ እንኳ በአማካይ ከ56 ሺህ በላይ ሰው ያስገባ ነበር።

ጣጣው ቀድሞ የታየው ቦልተን ላይ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1946 (እንደ ፈረንጆቹ) የቦልተን ክለብ ስቶክን በኤፍኤ ዋንጫ፣ ማለትም በእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ያስተናግዳል። ሜዳው ስለሞላ፣ ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀር በሮቹ ተዘጉ። ውጭ የቀረው አጥር መዝለል ጀመረ። ልጁን ይዞ የገባ አንድ አባት ግፊያው ሲያስፈራው፣ ለመውጣት የአንዱን በር ቁልፍ ከፈተ። እነሱ ወጡ፤ ውጭ የነበረው ሕዝብ በዚያው በር ገባ። 33 ሰው ሞተ። የሚዘገንነው ደግሞ ጨዋታው ከተቋረጠ በኋላ መቀጠሉ ነው። አስከሬን ዳር ላይ ተሸፍኖ፣ 0 ለ 0 አለቀ።

በዚያው ዓመት የወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ በየሜዳው የሚገባው ሰው ልክ ይኑረው፣ በሮቹም ገቢውን ይቁጠሩ አለ። ኦል ቲኬት ይህን ቆጠራ ከበሩ በፊት ይጨርሰዋል። የታተመው 60 ሺህ ከሆነ፣ 60 ሺህ ነው። አሠራሩ አዲስ አልነበረም፤ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በ1923 የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ከልኩ በላይ ሞልቶ ሕዝቡ ሜዳው ውስጥ ከፈሰሰበት ትርምስ በኋላ፣ በቅድሚያ ትኬት ሆኗል። በየሳምንቱ ለሚደረገው ጨዋታ ግን ክለቦች ቶሎ አልተቀበሉትም። ሰልፉም ቢሆን አልጠፋም፤ ከጨዋታው ቀን ወደ ትኬት መሸጫው ቀን ዞረ፣ አየር ባየር ነጋዴውም ተከተለው።

ሜዳዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1975 ነው። ያውም ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ አይብሮክስ ስታዲየም ላይ በ1971 ሌላ 66 ሰው ካለቀ በኋላ።