ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን

ሮም ሄዶ ቅዱስ ጴጥሮስን ያየ ሰው ሞልቷል። ከባሲሊካው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያየ ግን ጥቂት ነው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች እንዲሁ ዘው ተብሎ አይገባም። ጣሊያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው።

ቫቲካን ውስጥ እስካሁን ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድማት የለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌው ቅዱስ ጴጥሮስ ፈርሶ አዲሱ ሲገነባ እሷ ተረፈች። ትውፊቱ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ልዮን ቀዳማዊ ሠራት ይላል። አዎ፣ የኬልቄዶኑ ጉባኤ ልዮን፤ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው በማለቱ በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ስሙ በደግ የማይነሣው። የሐበሻ መነኮሳት ማደሪያ የሆነችው ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በጳጳስ ሲክስተስ 4ኛ ዘመን ነው።

እንግዶቹ ብዙውን ጊዜ በኢየሩሳሌም በኩል የመጡ ተሳላሚዎች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኗ ጎን ያርፋሉ፣ በግእዝ ይጸልያሉ። ግእዝ መማር የፈለገ ፈረንጅም ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከእነሱ ተምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1513 (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ። በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ነው። ከባልንጀሮቹ ጋር በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያኖች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ሕትመት አያውቁም። ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ተረዳዳን ብሏል። እዚህች ላይ ሣቅሁ።

መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ እዚያው ሮም ከአማራው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ የእኚህ መነኩሴ ትምህርት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞተዋል።

በኋላ የሐበሻ እንግዳ እየሳሳ ሄደ። በ1919 ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 15ኛ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ ደግሞ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚሄዱ ካቶሊክ ካህናት እዚያ እያደሩ ይማራሉ። ቅዳሴያቸውም በግእዝ ሥርዓት ነው።