የኮሌጅ ዕዳን ለመቀነስ የሚሰጥ የፋይናንስ ትምህርት በአሜሪካ

በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደር የኮሌጅ ተማሪ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የመግቢያ ምክር የሚባለውን ትምህርት የመጨረስ ግዴታ አለበት። ሲመረቅ ወይም ሲያቋርጥ ደግሞ የመውጫ ምክር አለ። የመግቢያው በኢንተርኔት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ድክመቱ ጊዜው ላይ ነው፦ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት የሚበደረውን ከወሰነ በኋላ ስለሆነ ገጾቹን እየተጫነ ያልፋል።

የሚጠቅመው ትምህርት የሚጀምረው ኮሌጁ ከሚልከው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ስጦታና ብድርን በአንድ ዝርዝር አደባልቆ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማይመለሰው፣ ማለትም ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪ የሚሰጠው ስጦታ) እና ስኮላርሺፕ፣ ተለይቶ ከጠቅላላው የዓመት ወጪ ይቀነሳል። የሚቀረው ከቤተሰብ ኪስ፣ ከተማሪው ሥራ ወይም ከብድር የሚመጣ ነው። ሰብሲዳይዝድና አንሰብሲዳይዝድ የሚባሉት ሁለቱ የፌዴራል ብድሮችም አንድ አይደሉም። በሰብሲዳይዝዱ ተማሪው ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል፤ በአንሰብሲዳይዝዱ ግን ወለድ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በወላጁ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከ 5,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ ከዚህ ሰብሲዳይዝድ የሚሆነው ቢበዛ 3,500 ነው። ቀሪው 2,000 በ2025–26 ወለድ፣ በ6.39 በመቶ፣ በዓመት 128 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ በአራት ዓመት ከ500 ዶላር ያልፋል። የቀረበውን ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ መጠኑን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው እንዲቀንስ መጠየቅ ይቻላል። የተለቀቀው እንኳ በ120 ቀን ውስጥ ከተመለሰ በተመለሰው ላይ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም አይታሰብም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ2012 ለተማሪዎቹ እስካሁን የተበደሩትንና ወደፊት በየወሩ የሚከፍሉትን ግምት በደብዳቤ መላክ ጀመረ፤ ግዛቱም በኋላ ይህንኑ በሕግ ደነገገ። ሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዕዳቸው ለከበደ ተማሪዎች ደብዳቤውን ከአማካሪ ጋር የመገናኘት ግብዣ ጨምሮ ሲልክ፣ የደረሳቸው በሚቀጥለው ሴሚስተር ሲሶ ያህል ቀንሰው ተበደሩ። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን የብድሩ መጠን አልተለወጠም። ቁጥር ብቻ መላክ አስተማማኝ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ብድር ማስቀነስን ብቻ ግብ ማድረግም ይጎዳል። በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ በተደረገ ጥናት በድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ የብድር መጠን ተጽፎ የቀረበላቸው ተማሪዎች ይበልጥ ተበደሩ፤ በዚያ ምክንያት የተበደሩትም ብዙ ክሬዲት (ለዲግሪ የሚቆጠር የኮርስ መለኪያ) ጨረሱ፣ ውጤታቸውም ተሻሻለ። መክፈል ከሚያቅታቸው መካከል ብዙዎቹ ትንሽ ተበድረው ዲግሪ ሳይዙ ያቋረጡ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ ከዕዳው እኩል የሚጠይቀው በሴሚስተር ስንት ክሬዲት እንደሚወሰድና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ነው፤ በዓመት 30 ክሬዲት ያልሞላ ተማሪ የአራት ዓመቱን ዲግሪ ወደ አምስተኛ ዓመት ይገፋል፣ ብድሩም አብሮ ይረዝማል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሚኒሶታ ለሚኖሩ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ ፓረንት ፕላስ የሚባለው ብድር የልጁ ሳይሆን የወላጁ ዕዳ ነው፤ ልጁ እከፍላለሁ ቢልም ሕጉ የሚጠይቀው አባትን ወይም እናትን ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በድምሩ ከ65,000 ዶላር አይበልጥም። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ለፌዴራል ድጋፍ ማመልከት ይችላል፤ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣ ግን አይችልም።