የመስማት ችሎታ መቀነስ በአዋቂዎች ዘንድ

የመስማት ችሎታቸው የቀነሰ አዋቂዎች ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ችግሩ ከየትኛው መጠን ጀምሮ እንደሚቆጠር ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ቀላሉም ከባዱም ሲደመር ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የመስማት ችግር አለበት። በተሻለው ጆሯቸው እንኳ ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) በላይ የመስማት ችሎታ ያጡት ብቻ ሲቆጠሩ ግን አኃዙ ወደ 430 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሕፃናቱ 34 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ ሰዎች መካከል ከአራቱ ቢያንስ አንዱ በዚህ በከባዱ ደረጃ ውስጥ ይገኛል።

አቆጣጠሩም ውጤቱን ይለውጣል። በዩናይትድ ስቴትስ ከአዋቂዎች 15 በመቶ ያህሉ ለመስማት እንደሚቸገሩ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ ይሁንና ችግሩ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም የቴሌቪዥኑን ድምፅ መጨመር ቀድሞ የሚታዘበው ቤተሰብ ነው።

የመስማት ችሎታ የሚቀንስበት ምክንያት በውስጠኛው ጆሮ አሠራር ላይ ነው። ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በሰው ላይ እነዚህ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ስለሆኑ፣ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች ይደበዝዛሉ፤ «ሠራ» እና «ፈራ» ይመሳሰላሉ። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚለው ስሞታ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከዕድሜ ቀጥሎ ዋናው መንስኤ ጩኸት ነው፤ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ ውስጥ መሥራት ለጉዳት የሚያጋልጥ መጠን ተደርጎ ይወሰዳል። እንደ ጀንታማይሲን እና ሲስፕላቲን ያሉ መድኃኒቶችም ጆሮን ይጎዳሉ። በኩክ መደፈን ግን በቀላሉ የሚታከም ነው። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት ውስጥ የሚጠቀሙት ከአምስቱ አንዱ እንኳ አይሞሉም።

የመስማት ችግሩ ደረጃ የሚወሰነው በ500፣ 1,000፣ 2,000 እና 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) የተለካው የመስማት መቀነስ አማካይ ተወስዶ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ጩኸት የሚጎዳው በተለይ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ያለውን ስለሆነ፣ በ6,000 ኸርዝ ብዙ ያጣ የፋብሪካ ሠራተኛ አማካዩ ከ20 ዴሲቤል በታች እስከሆነ ድረስ በቆጠራው ጤናማ ጆሮ ካላቸው ጋር ይመደባል።