የካፒታል አወቃቀር በአዲስ አበባ ዳርቻ

የካፒታል አወቃቀር ማለት አንድ ድርጅት የባለቤቱን ገንዘብና ብድርን በምን መጠን አደባልቆ እንደሚሠራ ነው። ሞዲግሊያኒና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1958 ግብርም የኪሳራ ስጋትም በሌለበት ገበያ ድብልቁ የድርጅቱን ዋጋ እንደማይለውጥ አሳይተዋል። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ማስያዣ ነው፤ ካርታ ያለው ይበደራል፣ የሌለው ሌላ መላ ይፈልጋል።

ትንሹ ብየዳ ቤት የባንክ ደጅ አይረግጥም። መነሻው የባለቤቱ ቁጠባ፣ የዘመድ ብድርና ዕቁብ ነው። ዕቁብ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ወለድ የሌለው ብድር፣ መጨረሻ ለሚደርሰው ደግሞ ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። የዕለት ሥራውን የሚያስኬደው ቀብድ ነው። የግቢ በር ያዘዘ ሰው ከዋጋው ከፊሉን ይከፍላል፣ በዚያ ላሜራና ቱቦላሬ ይገዛል፣ ቀሪው በሩ ሲገጠም ይመጣል። ይህ ዕዳ ነው፤ አበዳሪው ደንበኛው ነው። እስከዚያ የብረት ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱ የሚወጣው ከባለሙያው ኪስ ነው።

ይበልጥ የሚጎዳው ግን መካከለኛው ነው። በኪራይ ሼድ ብሎኬት የሚያመርት ድርጅት የሚፈልገው ገንዘብ ከማይክሮፋይናንስ አቅም በላይ ነው፤ ለባንክ ደግሞ የሚያስይዘው ቤት የለውም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንና የዕቃ ክምችትን በመያዣነት ማስመዝገብ ቢፈቅድም፣ አበዳሪው ዓይኑን የሚጥለው ቤት ላይ ነው። የልማት ባንክ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት የሚበጅ ነው፤ ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ስለሆነ ራሱ ማስያዣ ይሆናል። ሲሚንቶ መግዣው ግን በዚህ አይሸፈንም፤ ውሃ እየጠጣ የሚጠነክረው ብሎኬት እስኪሸጥ ድረስ ገንዘቡ እዚያው ታስሮ ይቆያል።

የራሱ ሕንፃ ያለው ትልቅ ፋብሪካ የረጅም ጊዜ ብድርና ኦቨርድራፍት (በሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ የማውጣት ፈቃድ) ያገኛል። ወለዱ 30 በመቶ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ ስለሚቀነስ ብድር ይጠቅመዋል። የውጭ ባለቤት ያለው ኩባንያ ግን ዕዳው ከካፒታሉ ሁለት እጥፍ ካለፈ ከሁለት እጥፍ በላይ ያለውን ዕዳ ወለድ ከትርፉ ላይ እንዲቀንስ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አይፈቅድለትም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ደግሞ ካርታ መያዝ ብቻውን በቂ አልሆነም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያ (አክሲዮንን የመሰሉ ሰነዶች የሚገበያዩበት) ሌላ በር ከፍቷል። ይሁንና በዳርቻው ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ስለሆኑ፣ መጀመሪያ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት መለወጥ አለባቸው።