ቁጥር ያለው ፕሪንትና የውሃ ዳር ከተማ

ፕሪንት ስል ፖስተር ማለቴ አይደለም። ሠዓሊው እንጨት ወይም መዳብ ላይ ቀርጾ፣ ቀለም አስነክቶ፣ ወረቀት ላይ እየተጫነ የሚያወጣው ነው። ከታች በእርሳስ 12/50 ካለ ከ50ው 12ኛው ነው፤ ከጎኑ ፊርማ አለ። 50ው ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ሆን ተብሎ ይጫጫራል፣ እንዳይደገም። ሰብሳቢን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

የትውልድ ከተማውን በፕሪንት ካስቀሩት ሠዓልያን፣ በእኔ ሚዛን፣ የቤልጅየሙን ጄምስ ኤንሶር የሚያክል የለም። እ.ኤ.አ. በ1860 ኦስቴንድ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ፣ በ1949 እዚያው ሞተ። ቤተሰቦቹ ዛጎልና የካርኒቫል ጭምብል የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው፤ ጭምብሉ ሥዕሉ ውስጥ የገባው ከዚያ ነው። በ1886 መዳብ ላይ መቅረጽ ጀምሮ ከ130 በላይ ሥራዎች አወጣ። በ1899 ባተመው አንዱ፣ ሊታጠብ ወደ ባሕር የወረደውን የከተማ ሰው እንዴት እንዳሾፈበት! አንዳንዱን ቅጂ ደግሞ ራሱ በእጁ ቀለም ስለቀባው መንታ የለውም፤ ሰብሳቢም የሚሻማው በሱ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። የእንጨት ኅትመትን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያ ያስተማረው ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በደርግ ዘመን የገነነው ፖስተር ነው። የወልድያው ልጅ ታደሰ መስፍንም በዚሁ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምሯል (ሠዓሊነቱ በቀለም ቅብ ነው፣ ግን የኛ የወሎ ልጅ ነውና ሳልጠቅሰው አላልፍም)።

ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። ስሙም ራሱ ሐይቅ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመሠረተ ይባላል፤ በ13ኛው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ማዕከል እንዳደረጉት ግን አያጠራጥርም። ያስጻፉት ወንጌል የራሳቸው ሥዕል አለበት። አምባሰልና ባቲ ስማቸው በቅኝት አገር ዞሯል፤ ይሄ ውሃም ቁጥርና ፊርማ ያለው ወረቀት ላይ ቢወጣ ሲያንሰው ነው።

የገዛችሁትን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት። በኮላ እንዳታጣብቁት፤ መስታወቱም ወረቀቱን አይንካው። የደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ፣ ፍሬሙን አልፎ አልፎ ገልበጥ አድርጋችሁ ሻጋታ እንዳልያዘው እዩ።