«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እና ዘውዲቱ የሚለው ስም

የአንድ ሰው ስምና ሕይወት ገጥመው ሲገኙ አዛውንቶች «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። የአነጋገሩ ቁልፍ በግሱ ላይ ነው። በአማርኛ ስም «ይወጣል»፤ አራስ ጥየቃ የመጣች ጎረቤትም «ስም አወጣችሁላት?» ብላ ትጠይቃለች። ማውጣት ደግሞ ያለውን፣ ግን ተሰውሮ የቆየውን ነገር መግለጥ ነውና፣ አነጋገሩ ወላጅ አፉን ቢያውስም ስሙን ያወቀው ሌላ ነው ማለቱ ነው። በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ገብርኤል ለዘካርያስም ሆነ ለድንግል ማርያም የሚወለደውን ልጅ ስም አስቀድሞ መንገሩን ለሚያውቅ ምእመን ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ለዚህ አነጋገር ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1868 ዓ.ም. ሲወለዱ አባታቸው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ኋላም አልጋ ወራሽ ያደረጉት ልጃቸውን ሳይሆን የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ነው። ሆኖም ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ ፊታቸውን ወደ ዘውዲቱ አዞሩ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀንም አራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር፤ ታሪክ የያዘው ግን ዘውዱን የተሸከመውን ስም ነው።

ስሙ «ዘውድ» ከሚለው ቃልና «ሴቲቱ»፣ «ንግሥቲቱ» በሚሉት ላይ ከምንሰማው የአንስታይ ምዕላድ የተሠራ ሲሆን፣ ወንዱ «ዘውዱ» ይባላል። እንዲህ በ«ቱ» የሚያልቁ የሴት ስሞች፣ ጣይቱንና ወርቂቱን ጨምሮ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የእናቶችና የአያቶች ስም ሆነዋል፤ ለሕፃናት ይበልጥ የሚመረጡት እንደ ሶልያናና ማክዳ ያሉት ናቸው። በከተማው መሐል «ዘውዲቱ ጋር ወራጅ አለ» ሲባል የሚታሰበው በንግሥቲቱ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ነው እንጂ ዘውዱ አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ትርጉሙ ሳይደበዝዝ የኖረው በቤት ውስጥ ነው፤ እናት ልጇን ዘውዲቱን አቆላምጣ «ዘውዴ» ስትላት፣ ቃል በቃል «የእኔ ዘውድ» እያለቻት ነው።