የሚጥል በሽታ ሴሚዮሎጂ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ መሃል ሰው ድንገት ሲወድቅ የሚሆነው ይታወቃል። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ አንዷ "በስመ አብ" ትላለች፣ ሌላዋ "ቢስሚላህ"፣ አንድ ጉልበተኛ ደግሞ የተጨበጠውን እጅ ለመፈልቀቅ ይታገላል። ሰውየው ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሲረጋጋ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ክብሪቱ ግን ምንም አላደረገም፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ መንፈራፈር በራሱ ጊዜ ነው የሚያቆመው። በግርግሩ መሃል ያመለጠን ሌላ ነገር ነው፦ የቱ እጅ ቀደመ? አንገቱስ ወደ የት ዞረ?

ሐኪሙ የሚፈልገው ይሄንን ነው። ከውጭ የሚታየውንና ታማሚው ራሱ የሚሰማውን ምልክት አይቶ፣ ሕመሙ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሳ መገመት ሴሚዮሎጂ ይባላል።

አንጎል ሥራ ተከፋፍሏል። የግራው ወገን ቀኝ አካልን ያዛል፣ የቀኙ ግራን። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ከቀኝ አውራ ጣት ጀምሮ ወደ ክንድ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ከደረሰ፣ የሚጠረጠረው በግራ አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዘው ቦታ ነው። ይህን አካሄድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደንብ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ነው። ያኔ የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ቀርቶ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ እንኳ አልነበረም፤ አይቶና ጠይቆ ነው የደረሰበት።

መውደቅ የሌለበትም አለ፣ እሱ ነው ብዙ ቤት ተደብቆ የሚኖረው። አንዲት ሴት ቡና ልትቀዳ ተቀምጣ "ከሆዴ የሆነ ነገር ወደ ላይ ወጣ" ትላለች እንበል። ከዚያ ፍዝዝ። አፏ የሆነ ነገር እንደሚያላምጥ ይንቀሳቀሳል፣ ቀኝ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይነካካል፣ ግራ እጇ ግን ጠምዘዝ ብሎ ይገተራል። ቢጠሯት አትሰማም። ቤተሰቡ "ሐሳብ ወሰዳት" ብሎ ያልፈዋል። ለባለሙያው ይሄ ከጆሮ አካባቢ ያለውን የአንጎል ክፍል፣ ቴምፖራል የሚባለውን፣ ያውም የቀኙን ያስጠረጥራል፤ የሚገተረው እጅ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ተቃራኒ ነዋ።

ሌሊት ከእንቅልፍ ብድግ ብሎ መጮህ፣ እግርን ብስክሌት እንደሚነዳ ማወራጨት፣ ቶሎም ማብቃት፣ ብዙ ጊዜ ከግንባር በኩል ነው። እኛ ጋ ቅዠት ወይም ጂኒ ይባላል። ቀለም ያላቸው ክቦች ከታዩ ደግሞ ማያው ክፍል፣ ከማጅራት በላይ ያለው።

ካለፈ በኋላም ምልክት አለ። አንድ እጅ ለጊዜው ከዛለ መነሻው በተቃራኒው ወገን ሊሆን ይችላል። ነቅቶም ቃል ከጠፋበት፣ ለአብዛኛው ሰው ግራው ነው።

ግን ጭስ የታየበት ቤት ሁሉ እሳቱ የተነሳበት አይደለም። ሕመሙ ዝም ካለ ቦታ ተነስቶ፣ ምልክቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ሲደርስ ሊሆን ይችላል። ከመነሻው ሁለቱንም ወገን የሚይዝ ዓይነትም አለ። ለዚህ ነው ኢኢጂና ኤምአርአይ የሚታከለው፣ በተለይ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ።

እና ምን እናድርግ? በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ከቤተሰቡ አንዱ መላ አካሉን፣ ፊቱንም ሁለቱን እጆቹንም፣ በስልክ ይቅረጽ፤ ለሐኪም እንጂ ለቲክቶክ አይደለም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "ወደቀ" ብቻ ከማለት "መጀመሪያ ግራ እጁ ነው የተንቀጠቀጠው" ማለት ብዙ ይረዳል።